ውጊያ መሀል መደበቅ፦ ዳይሱን ከመወርወራችሁ በፊት

"ኩኩሉ!"

"አልነጋም!"

ልጅ ሆናችሁ ድብብቆሽ ከተጫወታችሁ፣ ከዚህ በታች ካለው ግማሹን ታውቁታላችሁ። ግድግዳ ላይ ተደግፎ ዐይኑን የጨፈነው ልጅ "ኩኩሉ" ይላል። በርሜል ጀርባ የተወሸቀው "አልነጋም" ብሎ ይመልሳል። ብልጥ ፈላጊ ታዲያ ገና ዐይኑን ሳይገልጥ ድምፁ ከየት እንደመጣ ይይዛል። የተደበቀው ልጅ አልታየም። ግን ያለበት ቦታ ታውቋል። አለመታየት አንድ ነገር ነው፣ አለመታወቅ ሌላ ነገር ነው።

ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለውን፣ ገጸ ባህሪ ይዘው በዳይስ የሚጫወቱትን የጠረጴዛ ጨዋታ ስትጫወቱ መደበቅን በተመለከተ የሚነሳው ጭቅጭቅ አብዛኛው እነዚህን ሁለቱን ከማምታታት ይመጣል። ቀሪው ደግሞ ዳይሱን ቀድሞ ከመወርወር ይመጣል።

እኔ ዲኤም (ጨዋታውን የሚመራውና የሚፈርደው ሰው) በሆንኩ በመጀመሪያው ወር አንድ ጓደኛዬ ሜዳ መሀል ቆሞ፣ ሦስት ጎብሊኖች (ትንንሽ ጭራቆች) አፍጥጠው እያዩት፣ "እደበቃለሁ" አለና ባለ ሃያ ገጹን ዳይስ ወረወረ። 19 መጣ። ከገጸ ባህሪው የችሎታ ጭማሪ ጋር 26። "በቃ፣ ጠፋሁ" አለ። "የት ገብተህ?" አልኩት። "እኔ ምን አውቃለሁ፣ 26 እኮ ነው!" ውጊያው ሃያ ደቂቃ ፈጀ፣ ክርክሩ ግን አርባ ደቂቃ። እኔም ሕጉን በደንብ ስላላነበብኩት አፌን ሞልቼ ልመልስለት አልቻልኩም።

ዛሬ ቢሆን እንዲህ እለው ነበር፦ ዳይሱ የሚነግርህ ምን ያህል በደንብ እንደተደበቅክ ነው። መደበቅ ትችል እንደሆነ አይነግርህም። እሱ ቀድሞ የሚያልቅ ጉዳይ ነው።

1. የትኛውን ሕግ ነው የምትጫወቱት?

ጠረጴዛ ላይ ከመቀመጣችሁ በፊት ይሄን ተስማሙ። አምስተኛው ዕትም በፈረንጆቹ 2014 ወጣ፣ በ2024 ታደሰ። ሁለቱ መደበቅን የሚያዩት በተለያየ ዐይን ነው። የ2014ቱ አብዛኛውን ነገር ለዲኤሙ ፍርድ ይተወዋል። የ2024ቱ ቁጥርና ዝርዝር አስቀምጧል። ግማሹ ሰው አሮጌውን፣ ግማሹ አዲሱን አንብቦ ከመጣ ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ ሁለቱም ይጣላሉ።

መጽሐፉ ውድ ነው ለምትሉ፣ መሠረታዊ ሕጎቹ ሲስተም ሪፈረንስ ዶክመንት በሚባል ፋይል በነጻ ይገኛሉ። የአሮጌው ቁጥሩ 5.1 ነው፣ የአዲሱ 5.2። ሁለቱም በክሬቲቭ ኮመንስ ፈቃድ የተለቀቁ ስለሆኑ፣ ምንጩን እስከጠቀሳችሁ ድረስ አትሙት፣ አባዙት፣ ከፈለጋችሁም ወደ አማርኛ መልሱት።

2. "ማን ያየኛል?" ብላችሁ ጠይቁ

ዋናው ይሄ ነው፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

በ2014ቱ ሕግ፣ በግልጽ ከሚያያችሁ ጠላት መደበቅ አትችሉም። "በግልጽ" ማለት ምን ማለት ነው? ዲኤሙን ጠይቁ። በ2024ቱ ሕግ ደግሞ ሁለት ነገር በአንድ ላይ መሟላት አለበት። አንደኛ፣ ጨርሶ የማያሳይ ነገር ውስጥ መሆን፣ ለምሳሌ ድፍን ጨለማ ወይም ጥቅጥቅ ያለ ጭጋግ፤ ወይም ደግሞ የሦስት አራተኛ አለዚያም ሙሉ ከለላ ጀርባ መሆን። ሁለተኛ፣ ከማንኛውም ጠላት የዕይታ መስመር ውጪ መሆን። ከማንኛውም ነው የተባለው። ሁለቱ ጎብሊኖች ባያዩአችሁም፣ ሰገነቱ ላይ ያለው ሦስተኛው ቁልቁል እያያችሁ ከሆነ አይሆንም።

ስለዚህ ካርታውን እዩ። የተገለበጠ ጠረጴዛ ብዙ ጊዜ ግማሽ ከለላ ነው። ለቀስት ይጠቅማል፣ የመከላከያ ቁጥራችሁን (ጠላት እናንተን ለመምታት መሙላት ያለበትን) በ2 ከፍ ያደርጋል፣ ለመደበቅ ግን አይበቃም። ወፍራም የድንጋይ ምሰሶ ይበቃል። የተዘጋ በር ይበቃል። ቀስት መወርወሪያ ቀዳዳ ያለው ግንብ የሦስት አራተኛ ከለላ ነው፣ የመከላከያ ቁጥሩም በ5 ይጨምራል።

እዚህ ላይ የአዲሱ ሕግ አጻጻፍ ራሱ ትንሽ ያስቃል። የሦስት አራተኛ ከለላ ያለው ሰው አንድ አራተኛው ይታያል ማለት ነው፤ ታዲያ እንዴት ብሎ ከዕይታ ውጪ ይሆናል? እኛ ጋ የተስማማነው "ዝቅ ካልክ ይቆጠርልሃል" በሚለው ነው። እናንተም አንድ መልስ ያዙና ወደ ጨዋታው ግቡ።

ጨለማ ደግሞ የብዙ ሰው ወጥመድ ነው። "ጨለማ ነው፣ እደበቃለሁ" ይላሉ። ማን ነው የሚያየው? ጎብሊን ዳርክቪዥን አለው፣ እስከ 60 ጫማ። ለእሱ ድፍን ጨለማ እንደ ምሽት ብርሃን ነው፣ ደብዘዝ ብሎ ያያል። ደብዘዝ ማለት ደግሞ የሚያየውን መለየት ይከብደዋል እንጂ አያይም ማለት አይደለም፤ የተራ ንቃቱ (ዳይስ ሳይወረውር የሚያስተውልበት) ቁጥር በ5 ይቀንሳል፣ በቃ። ጭጋግ ይሻላል። ፎግ ክላውድ የሚባለው የመጀመሪያ ደረጃ ድግምት 20 ጫማ ራዲየስ ያለው ጥቅጥቅ ያለ ጉም ይፈጥራል፣ ዳርክቪዥንም አይበሳውም። ችግሩ እናንተም ከውስጥ ሆናችሁ ወደ ውጪ አታዩም።

አንዳንድ ዘር ከዚህ ሕግ የተወሰነ ነጻነት አለው። ሃፍሊንግ የሚባለው አጭር ዘር ከሱ በአንድ መጠን በሚበልጥ ሰው ጀርባ መደበቅ ይችላል፣ በ2014ቱ ላይትፉት የሚባለው ዓይነት ብቻ ነው። ቁመቱን ያየ ይገባዋል። ቡድናችሁ ውስጥ ትልቅ ተዋጊ ካለ ተንቀሳቃሽ ምሰሶ አላችሁ ማለት ነው።

3. ዋጋውን ክፈሉ

መደበቅ አንድ ሙሉ አክሽን፣ ማለትም የተራችሁን ዋና ድርጊት፣ ይበላል። ያ ማለት በዚያ ተራ አትመቱም። ሮግ (ሌባ መሰሉ የገጸ ባህሪ ዓይነት) ግን ከ2ኛ ደረጃ ጀምሮ በቦነስ አክሽን፣ ማለትም ከዋናው በተጨማሪ በሚፈቀድ ትንሽ ድርጊት፣ ይደበቃል፤ ጎብሊንም እንዲሁ፣ ተንኮለኛ ፍጥረት ነው።

ለሌላው ግን ያዋጣል ወይ? እስቲ ሂሳቡን እናስላው። የ2ኛ ደረጃ ሮግ አለች እንበል፣ ስቴልዟ (የመደበቅ ጭማሪዋ) +7፣ የማጥቂያ ጭማሪዋ +5። ጎብሊኑ የመከላከያ ቁጥሩ 15 ነው። ዝም ብላ ብትመታ 10 እና ከዚያ በላይ መወርወር አለባት፣ ዕድሏ 55 በመቶ ነው። ተደብቃ ብትመታ አድቫንቴጅ ታገኛለች፣ ማለትም ሁለት ዳይስ ወርውራ የሚበልጠውን ትወስዳለች፤ ዕድሏ ወደ 80 በመቶ ይጠጋል። በአዲሱ ሕግ ለመደበቅ 15 መሙላት ስላለባት፣ የመደበቂያው ዕድል ራሱ 65 በመቶ ነው። ሁሉንም ስናባዛና ስንደምር፣ በቦነስ አክሽን ተደብቃ የምትመታ ሮግ በአንድ ተራ 71 በመቶ ያህል ትመታለች። ከ55 ወደ 71፣ ያውም ያለ ተጨማሪ ወጪ። አሪፍ ነው።

አሁን እነዚህኑ ቁጥሮች ለአንድ ተዋጊ ስጡት። እሱ አንዱን ተራ ለመደበቅ፣ ሌላውን ለመምታት ያውላል። በሁለት ተራ ያለው 0.71 ምት ነው። ሳይደበቅ ሁለቴ ቢመታ ደግሞ በአማካይ 1.1። ስለዚህ ሮግ ካልሆናችሁ፣ ለመምታት ብላችሁ አትደበቁ። ለማምለጥ፣ መድኃኒት ለመጠጣት፣ ወይም ድግምት የሚደግመው ጠላት እንዳያያችሁ ከሆነ ግን ተደበቁ፤ ብዙ ድግምት "የምታየውን አንድ ፍጡር" ስለሚል ያላየውን አይነካም።

ሮግ ለሆናችሁም አንድ ነገር ልብ በሉ። ስኒክ አታክ (የሮግ ተጨማሪ የጉዳት ዳይስ) ለመጨመር አድቫንቴጅ የግድ አይደለም። ጓደኛችሁ ከጠላቱ 5 ጫማ ርቀት ላይ ካለ፣ ተደበቃችሁም አልተደበቃችሁ ዳይሱን ትጨምራላችሁ። ዲስአድቫንቴጅ (ሁለት ዳይስ ወርውሮ የሚያንሰውን መውሰድ) እንዳይኖርባችሁ ብቻ።

4. አሁን ወርውሩ፣ ቁጥሩንም ጻፉት

በአዲሱ ሕግ 15 ካልሞላችሁ አልተደበቃችሁም። 15 እና በላይ ካመጣችሁ የማይታይ ሰው ሁኔታ ውስጥ ትገባላችሁ፣ የወረወራችሁት ድምር ደግሞ ለፈላጊው ማለፊያ ይሆናል። 22 ካመጣችሁ፣ የሚፈልጋችሁ 22 መሙላት አለበት። ለዚህ ነው ጻፉት የምለው። ከሦስት ሰው ተራ በኋላ "ስንት ነበር የወረወርሽው?" ሲባል ሁሉም ሰው ወደ ጣሪያው ያያል።

በአሮጌው ሕግ 15 የሚባል ነገር የለም። የእናንተ ድምር ከእያንዳንዱ ጠላት ተራ ንቃት ጋር ይነጻጸራል፤ ፓሲቭ ፐርሴፕሽን የሚሉት እሱን ነው፣ 10 ሲደመር የፐርሴፕሽን ጭማሪው። የጎብሊን 9 ነው። +7 ያላት ሮግ እሱን ማለፍ አያስቸግራትም። አጠገቡ ተኩላ ካለስ? የተኩላ 13 ነው፤ ነገር ግን ጆሮና አፍንጫው የተሳለ ስለሆነ በማሽተት ወይም በመስማት ከሆነ 5 ይጨመርና 18 ይሆናል። ስለዚህ 16 ያመጣ ሰው ከጎብሊኑ ተደብቋል፣ ከተኩላው አልተደበቀም። ይሄ ስህተት አይደለም፣ የጨዋታው ውበት ነው። ተኩላው ምሰሶው ጋ መጥቶ ሲያጉረመርም ጎብሊኑ "ምን ሆንክ?" የሚልበት ቅጽበት ከዚህ ነው የሚመጣው።

ልብሳችሁንም አትርሱ። የሰንሰለት ጥሩርና ሙሉ የብረት ጥሩር ስቴልዝን ዲስአድቫንቴጅ ውስጥ ይከታሉ። 65 በመቶ የነበረው ዕድል ወደ 42 ይወርዳል። በተቃራኒው ድሩይድ ወይም ሬንጀር የሚባል የገጸ ባህሪ ዓይነት ቡድናችሁ ውስጥ ካለ ፓስ ዊዛውት ትሬስ የሚለውን ድግምት ለምኑት። በ30 ጫማ ውስጥ ላለ ለመረጠው ሰው ሁሉ 10 ይጨምራል። +7 ያላት ሮግ +17 ሆነች ማለት ነው፣ 15ን መሳት አትችልም።

5. ተደብቃችሁ ቆዩ

አዲሱ ሕግ መደበቅ የሚያበቃባቸውን አራት ነገሮች ቆጥሯል። ከሹክሹክታ የበለጠ ድምፅ ካወጣችሁ፣ ጠላት ካገኛችሁ፣ ለማጥቃት ዳይስ ከወረወራችሁ፣ በቃል የሚደገም ድግምት ከደገማችሁ። ኩኩሉን አስታውሱ። ምሰሶ ጀርባ ሆናችሁ "እዚህ ነኝ፣ ወደ ግራ ሩጡ!" ብላችሁ ብትጮኹ፣ "አልነጋም" ብላችሁ መለሳችሁ ማለት ነው። ጠረጴዛ ላይ ተጫዋቾች ሲያወሩ ገጸ ባህሪዎቹም ያወራሉ ወይስ አያወሩም የሚለውን እናንተ ወስኑ፤ እኔ ጋ የተደበቀው ሰው ምክር ከሰጠ "ጮክ ብለህ ነው ያልከው?" እለዋለሁ። ወዲያው ዝም ይላል።

ከከለላ መውጣትስ? ከአራቱ ውስጥ በስም የለም። አንዳንዱ ይሄን ይዞ "የማይታይ ሆኛለሁ፣ በመሀል እያፏጨሁ እሄዳለሁ" ይላል። ማፏጨቱ ራሱ ያስይዘዋል፣ እሱን እንተወው። ግን ዝም ብሎ ቢሄድስ? አሮጌው ሕግ በዚህ ግልጽ ነው፦ ውጊያ ላይ ያለ ሰው ዙሪያውን ስለሚቃኝ፣ ወጥታችሁ ወደ እሱ ስትሄዱ ብዙውን ጊዜ ያያችኋል፣ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ከሆነ ግን ዲኤሙ ሊፈቅድ ይችላል። እኔ በአዲሱም ሕግ የምፈርደው እንዲህ ነው፦ በአንድ ተራ ውስጥ ከአንዱ ምሰሶ ወደ ሌላው ሹልክ ብትሉ ወይም ወጥታችሁ ወዲያው ብትመቱ ጥሩ። ተራችሁን ሜዳ ላይ ከጨረሳችሁ ግን ታይታችኋል። ይሄ የኔ ፍርድ እንጂ የመጽሐፉ ቃል አይደለም።

ሌላው ዲኤሞች የሚለያዩበት ነገር፣ በአዲሱ ሕግ የጠላት ተራ ንቃት ብቻውን የተደበቀን ያገኛል ወይስ ጠላቱ አክሽን ከፍሎ መፈለግ አለበት የሚለው ነው። እኔ ውጊያ መሀል ከሆነ አክሽን አስከፍላለሁ። አለዚያ የሮጓ ድካም ከንቱ ይሆናል።

6. ምቱ፣ ከዚያ ቦታ ቀይሩ

ተደብቃችሁ ስትመቱ አድቫንቴጅ አላችሁ። መታችሁም ሳታችሁም ግን ከዚያ በኋላ ያላችሁበት ይታወቃል። በአንድ ተራ ሁለቴ የሚመታ ሰው አድቫንቴጁ ለመጀመሪያው ብቻ ነው። ስካልከር የሚባለውን ልዩ ችሎታ የወሰደ ግን ከሩቅ ተኩሶ ቢስት አይገለጥም።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ይመረጣል። ተራችሁ ሲጀምር ተደብቃችኋል። አንድ እርምጃ ወጣ በሉ፣ ሙሉ ከለላ ጀርባ ሆኖ መተኮስ አይቻልምና። ተኩሱ። በቀረው እርምጃ ወደ ሌላ ምሰሶ ሂዱ፣ እርምጃን ከፋፍሎ መጠቀም ይፈቀዳል። በቦነስ አክሽን እንደገና ተደበቁ። አዲስ ዳይስ፣ አዲስ ቁጥር፣ አሮጌውን ሰርዙ።

ወደ ሌላ ምሰሶ ያልኩት በምክንያት ነው። ሦስቴ ከአንድ በርሜል ጀርባ ብቅ ያለን ሰው አራተኛው ላይ ጎብሊኑ ቀስቱን ደግኖ ነው የሚጠብቀው። ሕጉም ይፈቅድለታል፤ ሬዲ የሚባለውን አክሽን ወስዶ "ብቅ ስትል እተኩሳለሁ" ማለት ይችላል።

7. ፈላጊው እናንተ ስትሆኑ

ጎብሊኖቹም ይደበቃሉ ብያለሁ። የተደበቀ ጠላት ሲገጥማችሁ ብዙ ተጫዋች ተራውን ያሳልፋል ወይም ዳይስ ለመወርወር ይቸኩላል። በጣም ቀላሉ መፍትሔ እግር ነው። ምሰሶውን ዞራችሁ እዩት! ከለላው ከሌለ መደበቁም የለም፣ ደግሞም እርምጃ አክሽን አይበላም።

መዞር ካልቻላችሁ ሰርች የሚለውን አክሽን ውሰዱ፣ ፐርሴፕሽን ወርውሩ፣ የእሱን ቁጥር ሙሉ። ወይም ገምታችሁ ምቱ፦ አንድ ካሬ ምረጡ፣ በዲስአድቫንቴጅ ወርውሩ። እዚያ ከሌለ ዳይሱ ምንም ቢል ሳታችሁ፤ ዲኤሙም "ሳትክ" ብቻ ይላል እንጂ "እዚያ የለም" አይልም። ፋየርቦል ያለው ሰው ደግሞ ማየት አያስፈልገውም። 20 ጫማ ራዲየስ ነው፣ ቦታ ይመርጣል፣ ያቃጥላል።

በድግምት የማይታይ የሆነ ጠላትን በተመለከተ፦ በ2014ቱ ሕግ የማይታይ ማለት የተደበቀ ማለት አይደለም። ካልተደበቀ በቀር ኮቴው ይሰማል፣ ያለበትን ታውቃላችሁ፣ በዲስአድቫንቴጅ ትመቱታላችሁ። አባቶቻችን በኩኩሉ የሚያውቁት ነገር ነው።

ዲኤም ለሆናችሁ ደግሞ፣ ጠላቶቹን እንደየማንነታቸው አጫውቱ። ደንጋጣ ጎብሊን ሮጓ ከጠፋችበት ደቂቃ ጀምሮ ጣሪያውን እያየ ይንቀጠቀጣል። የሠለጠነ ወታደር ግራና ቀኝ ከፍሎ ምሰሶውን ይከባል። ለአካለ መጠን የደረሰ ድራገን እስከ 60 ጫማ ብላይንድሳይት (ያለ ዐይን የማየት ችሎታ) ስላለው ጭጋጉም ጨለማውም አያታልለውም፤ ይሄን ግን ተጫዋቹ ሦስት ተራ አቃጥሎ ከማወቁ በፊት ፍንጭ ስጡት፣ ለምሳሌ ዐይኑን ጨፍኖ ጭንቅላቱን በቀጥታ ወደ እሱ ያዙር።

ያ 26 ያመጣው ጓደኛዬ አሁንም ሮግ ነው የሚጫወተው። ባለፈው ዳይሱን መዳፉ ውስጥ እንደያዘ "ከኔና ከጎብሊኑ መሀል ምን አለ?" ብሎ ጠየቀኝ። "የውሃ ጋን" አልኩት። "ስፋቱስ?"